ከቅሉ ያልወጣው ቁጥር

መተማ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም.

ውድ አለነ፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። የላክኸው ወረቀት ትናንት ከሽንፋ በካሰች እጅ ደርሶኛል። «እኅቴ ሐሚዳ፣ ንዳድ ጥሎኛል፤ ይኸው አምስተኛ ቀኔ ነው። መድኃኒት ያዥ አንቺ ሆነሻል አሉኝ። ስድስት ፍሬ ኪኒን ስደጅልኝ፤ ውለታሽን አልረሳውም» ትላለህ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስድስት! ቁጥሩን ስትጽፈው እጅህ ትንሽ እንኳ አላመነታም? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ እሰማ ነበር፤ የወጋ ሰው ይህን ያህል አጥርቶ ይረሳል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ኪኒኑን ልኬልህ እንደሆነና እንዳልሆነ መጨረሻው ላይ ጽፌዋለሁ። እንዳትዘልል። ንዳድ የያዘው ሰው ተኝቶ ከማንበብ በቀር ምን ሥራ አለው?

ራኩባችን ትዝ ይልህ ይሆናል፤ ገላባት ገበያ ጀርባ በማሽላ አገዳ የከደንናት ያቺ ዳስ። ጣሊያን መተማን ይዞ እኛ ወንዟን ወደ ሱዳን ተሻግረን በስደት በተቀመጥንበት ጊዜ፣ ወንድሜ አብዱልሀኪም ገዳሪፍ ቴሌግራም ቤት የነበረውን እንጀራውን ትቶ መጣና ሃያ ሁለት ተማሪ ሰብስቦ ቁጥር አስተማረን። በረሃ ያሉት አርበኞች ደብዳቤ ይፈልጉ ነበር፤ የተያዘ ደብዳቤ ደግሞ ሰው ያስገድላል። ስለዚህ ቃልን በቁጥር መጻፍ ተማርን። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ በዚያ ላይ የዕለቱ ምሥጢር ቁጥር ይደመርበታል። ያን ምሥጢር ያላወቀ ሰው ወረቀቱን ቢይዝ የያዘው ገለባ ነው። ምሥጢሩ ደግሞ በወረቀት አይሄድም፤ መልእክተኛው በሚይዘው የጭነት ገመድ ላይ ተቋጥሮ ይሄዳል፤ ትልቁ ቋጠሮ አሥር፣ ትንሹ አንድ። ችግር ከመጣ ገመዱ ወንዝ ይገባል፤ በቃ።

ማኅበሩን ያቋቋምነው እኛው ተማሪዎቹ ነን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ መድኃኒት ያዥ ብለን እጅ እያወጣን መረጥን። አንተ በአራት እጅ ብልጫ ሰብሳቢ ስትሆን ከአራቱ አንዱ የኔ ነበር። የሸምበቆ ብዕሬን የምትቀርጽልኝ አንተ ነበርህ፤ ከተማሪው ሁሉ መካከል ሴት እኔ ብቻ በመሆኔ ሌሎቹ ሲያፍሩ አንተ ነህ አጠገቤ የተቀመጥህ። ወድጄህ ነበር። ይህን ዛሬ የምነግርህ እንዲያስደስትህ አይደለም፤ በኋላ የሚመጣው ነገር ያለዚህ ስለማይገባህ ነው።

በላያችን ደግሞ ሦስት መካሮች ነበሩን፤ ግራዝማች ውባንተ፣ ሼህ ሙሐመድጣሂርና አንድ ሽማግሌ ቄስ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይሰሙናል፣ ይመክሩናል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ማኅተም ያደርጋሉ። ቁጥር አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ሰው ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ። ያን ጊዜ ይህ ጉድለት አልመሰለኝም።

ወንድሜ ደግሞ አንዲት ደንብ ነበረችው፤ ከሁሉ ትምህርቱ የሚጠብቃት እሷን ነበር። ምሥጢሩን ቁጥር ማንም ከራሱ አይመርጥም። ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ የተጻፈባቸው የአገዳ ቁራጮች ቅል ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ አይቶ ይፈርማል። አንተ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠላሃት።

«መምህር፣ ይህማ ቁማር ነው» አልኸው። «የሰው ነፍስ በአገዳ ቁራጭ ይጣላል?»

«ሰው ከራሱ ሲመርጥ የሚወደውን ነው የሚመርጠው» አለህ። «የምትወደውን ያወቀ ቁጥርህንም ያውቃል። ቅሉ ግን የሚወደው የለውም።»

ተማሪው ሳቀ። አንተ ግን አልሳቅህም።

የኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በ1932፣ ዘጠኝ ጫኞች ጥይትና ኪኒን ይዘው የሽንፋን ወንዝ በትልቁ የሮቃ ዛፍ በኩል እንደሚሻገሩ ለአርበኞቹ መጻፍ ነበረብን። ጸሐፊያችን ሙሉአለም ንዳድ ይዞት ስለቀረ እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ቅሉን አቀረብሁልህ። እጅህን አፉ ላይ አሳረፍህ እንጂ ውስጡ አላስገባህም።

«አሥራ ሁለት በይና ፈርሚ» አልኸኝ።

«አላወጣህም እኮ!»

«ሐሚዳ፣ ሰዎቹን የምልካቸው በሚካኤል ነው እንጂ በአገዳ አይደለም። ደግሞስ አሥራ ሁለት ከሌላው ቁጥር በምን ያንሳል?»

ሳቅሁ። ባንተ ፊት ብዙ እስቅ ነበር። «ከቅሉ መውጣቱን አይቻለሁ» ከሚለው ሥር ስሜን ጻፍሁ። አንተ በገመዱ ላይ አንድ ትልቅ፣ ሁለት ትንንሽ ቋጠሮ ቋጠርህ። ወንድሜም ስሌቱን አይቶ አለፈው፤ ለሱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ነው፤ በየወሩ የሚያከብረው ቀን አይደለም።

የሆነውን ታውቃለህ። መልእክተኛው ከኮኪት በታች ተያዘ፤ ከመያዙ በፊት ገመዱን ወንዝ ጣለው። ወረቀቱ ብቻውን ጣሊያን እጅ ገባ። ከሦስት ቀን በኋላ ዘጠኙ ጫኞች ሮቃው ሥር ሲደርሱ መትረየሱ ተደግኖ ይጠብቃቸው ነበር። አንድም አልተረፈም። የካሰች ባል ከፊት ነበር አሉ።

ገመዱ ወንዝ ከገባ ቁጥሩን ማን ነገራቸው? ገላባት ሁሉ ይህን ጠየቀ። መልእክተኛው የቋጠሮውን ፍች አያውቅም፤ ቁጥሩን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንተ፣ እኔ፣ ወንድሜ። ወንድሜ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት አክስታችን መስቱራ ታማ ሊጠይቃት መተማ ገብቶ ወጥቶ ነበር።

ቅዳሜ ራኩባው ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ። ካሰች ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ደሜን መልሱልኝ!» ስትል ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ግራዝማች ውባንተ በትራቸውን መሬት ተክለው ጠየቁህ።

«እስቲ ልጄ፣ እውነቱን አውጣው። ቁጥሩ ከቅሉ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ወጥቷል፣ አባቴ። እሷም አይታለች፣ ፈርማለች።»

ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ?»

አየሁህ። ዓይንህ ለመነኝ። አላወጣም ብል አንተን እንደሚያባርሩህ አውቅ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ንጹሕ ነውና በሌላ መንገድ ይነጻል ብዬ አሰብሁ። ቁጥሩ ከየትም ይምጣ፣ ቁጥር ያው ቁጥር ነው ብዬም አሰብሁ። «ወጥቷል» አልሁ። አብዱልሀኪም በዚያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ አንድ ስሌት አልገጥም ብሎት እንደሚያስብ ሰው ነበር ያየኝ። ይህ አስተያየቱ ዛሬም አልለቀቀኝም።

እዚያ ብትቆም ኖሮ ምናልባት እምርህ ነበር። ግን ተነሥተህ ጨመርህ። «ጣሊያን ለእስላሙ መስጊድ እየሠራለት ነው፤ ለማን እንደሚያደላ እናንተው ታውቃላችሁ» አልህ። ሼህ ሙሐመድጣሂር አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው በጣሊያን ጥይት የሞተባቸው ሰው፣ ባንተ አንድ ቃል አፋቸው ተያዘ። መካሮቹ ቁጥሩን መመርመር ስላልቻሉ ሰውየውን መረመሩ፤ ሰውየው ደግሞ መተማ ገብቶ የወጣ ነበር። ውሳኔውን ያነበብህ አንተ ነህ። «እሳት የጫረለት፣ ውሃ የቀዳለት፣ መድኃኒት ያቀበለው እንደሱ ይሁን።» ድምፅህ ያምር ነበር።

ወንድሜ ከገላባት ወጥቶ በኮኪት በረሃ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ባለቀበት እርሻ ላይ፣ የወፍ ጠባቂ ማማ ሥር ሰፈረ። ተከተልሁት። ውሃ የቀዳሁለት እኔ ነኝ፤ እሳት የጫርሁለት እኔ ነኝ። «ለምን ወጥቷል አልሽ?» ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ቢሰድበኝ እንዴት በተገላገልሁ! በሁለተኛው ሳምንት ንዳዱ ጣለው። ይንቀጠቀጣል፣ ያቃጥለዋል፣ ከዚያ አገዳ እየቆጠረ ይቃዣል። በአምስተኛው ቀን፣ ከሕመሟ ድና ከመተማ የመጣችውን አክስቴን አጠገቡ ትቼ ገላባት ሄድሁ።

የመድኃኒቱ ሣጥን ያን ጊዜ ካንተ ዘንድ ነበር። ስድስት ፍሬ ለመንሁህ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ ስድስት ነፍሱን ታቆየዋለች ብለውኝ ነበር። እግርህ ላይ ወደቅሁ፣ አለነ። ምን እንዳልኸኝ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ።

«ሐሚዳ፣ ውሳኔ ነው። ራሳችን የጻፍነውን ደንብ ራሳችን ካፈረስነው ነገ ማኅበር አለ ይባላል?»

ደንብ! አንተ ስለ ደንብ! አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ «ከቅሉ አላወጣህም» ብዬ ገበያው መሐል ልጮህ ነበር። ግን እኔም ፈርሜያለሁ፤ ፈራሁ። ባዶ እጄን ተመለስሁ። አብዱልሀኪም በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ሞተ። ሰውነቱን የሚያጥብ ወንድ አልነበረም። ግመል እየነዳ የሚያልፍ አንድ ሱዳናዊ አየንና ለመንነው፤ ማን ነው፣ ምን አድርጎ ነው ሳይል አጠበው፣ ሰገደበት፣ ጉድጓዱንም ከኛ ጋር ቆፈረ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ለምን ወደ ማኅበሩ ተመለስሽ ትለኝ ይሆናል። መካሮቹ ኀዘንተኛ ናት ብለው መለሱኝ፤ እኔም ቂሜን የማሳድርበት ሌላ ቤት አልነበረኝም። ጣሊያን ገላባትን ሲይዝ ከእናንተ ጋር ገዳሪፍ ሸሸሁ፣ ከእናንተ ጋር ተመለስሁ። አንተም ሰላምታ ትሰጠኝ ነበር፤ «እኅቴ» ትለኝ ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ አልሸጠንም። ማን እንደሸጠን ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥር ጣሊያን መተማን ጥሎ ሲወጣ ምሽጉ ውስጥ የወረቀት ክምር ተወ። ማንበብ የምንችል እኛ ስለሆንን መካሮቹ ለዩት አሉን። አንተ በዚያው ሰሞን የሽንፋውን ቅርንጫፍ ልታቋቁም ሄደህ ነበር። ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ የኛን ደብዳቤዎች አገኘሁ፤ የተያዙብንን ሁሉ፣ አሥራ አራቱንም። በያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የጣሊያኑ አስተርጓሚ በእርሳስ ጽፎበታል፤ የኛው አገር ሰው ነው፣ በአማርኛ ነው የጻፈው። የሮቃው ደብዳቤ ላይ ምን ተጽፎ ነበር መሰለህ? «ሚካኤል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ያለው ላይ «ገብርኤል»፤ አሥራ ዘጠኝ። ቀጥሎ «ማርያም»፤ ሃያ አንድ። «አቦ»፣ «መድኃኔዓለም»፣ እንደገና «ሚካኤል»። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ እንዲህ ናቸው፤ አሥራ አንዱም አንተ ያወጣሃቸው ናቸው። አንድ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበርና። ሌላ ጊዜ የፈረሙልህም እንደኔ ስቀው ፈርመው ይሆናል። በቀሩት ሦስቱ ላይ ሰውየው «አልተፈታም» ብሎ ጽፎ ተስፋ ቆርጦ ሰርዟል። ሦስቱን ከቅሉ ያወጣቸው አብዱልሀኪም ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ማንም አልሸጠንም ነበር፣ አለነ። ጣሊያኑ ብቻውን ቢሆን ጫኞቹ እስኪሻገሩ ድረስ ቢደምርና ቢቀንስ ያችን ቁጥር አያገኛትም ነበር። አስተርጓሚው ግን እንዳንተ በልጅነቱ ዝክር የበላ ሰው ነው። ቁጥር ሲያጣ መጀመሪያ የሞከረው በየወሩ የሚያከብራቸውን ቀኖች ነው። ሙከራው አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀበትም ይሆናል። ሚካኤልን አልወቅስም፤ እሱ ቁጥር ሁነኝ አላለህም። ዘጠኙን ጫኞች የገደላቸው አንተ የመረጥኸው ቁጥር ነው፤ ወንድሜን የገደለው ግን ውሸትህ ነው፤ የኔም ውሸት።

ወረቀቶቹን ይዤ ግራዝማች ውባንተ ዘንድ ሄድሁ። መካሮቹ ሦስቱም ነበሩ። በዚህ ጊዜ ቁጥር ማወቅ አላስፈለጋቸውም፤ የታቦቱን ስም ማንም ያነባል። ቄሱ አማተቡ። ሼህ ሙሐመድጣሂር እንደ ልጅ አለቀሱ። ግራዝማች ግን፣

«ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አሉኝ።

«እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም፣ ግራዝማች» አልኋቸው።

«አንቺም ፈርመሻል።»

«አዎ፣ ፈርሜያለሁ። ከሱ እኩል ጻፉኝ።»

የመተማን፣ የኮኪትንና የሽንፋን ተማሪዎች በሙሉ በአንድ ማኅበር አድርገው ሰብሳቢ ሊያደርጉህ አስበው ነበር፤ ይህን ታውቀዋለህ፤ ሸማህንም አሠርተሃል አሉ። አሁን ሌላ ነገር ተወስኗል። ማኅበሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ የዘጠኙ ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አሥራ አራቱን ወረቀቶች አንተ ራስህ ጠርዛቸው ላይ የተጻፈውን ጨምረህ በዚያ በሚያምር ድምፅህ ታነባለህ። ከዚያ እኔ ቆሜ በሐሰት መፈረሜን እናገራለሁ። ቀጥሎ ውሳኔው ይሰጣል፤ እኔ የጠየቅሁት ቃል በቃል ያንኑ የድሮውን ነው፤ ለሁለታችንም። እሳት የጫረልን፣ ውሃ የቀዳልን፣ መድኃኒት ያቀበለን እንደኛ ይሁን። ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ የኮኪትን በረሃ አውቀዋለሁ፣ ማማው ሥር የተኛም ሰው አለኝ። አንተ ግን ማን አለህ?

ቀኑን ያወጣነው ከቅሉ ነው፤ ሦስት ሆነን፣ አንዱ አውጥቶ፣ አንዱ ጽፎ፣ አንዱ ፈርሞ። ሁለት ጊዜ ሰማንያዎቹ ወጡብን፤ በሦስተኛው ሃያ ስድስት ወጣ። ሚያዝያ 26። የማን በዓል እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ደግሞ እወቅ። አዲስ የገቡት ተማሪዎች አሥራ ስምንት ናቸው፤ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስላንተ ነው። ሰው ከልቡ የመረጠውን ቁጥር «የአለነ ቁጥር» ይሉታል አሁን፤ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው «ኧረ ተው፣ የአለነ ቁጥር እንዳይሆንብህ» ይለዋል። እኔም አንተም ካለፍን በኋላ ይሉታል። ከዚህ የበለጠ በቀል ባውቅ ኖሮ እሱንም ባደረግሁት ነበር።

አሁን ወደ ኪኒኑ። እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ ጠመኔ ቀርጬ ስድስት ድቡልቡል አድርጌ ልልክልህ ነበር። ቀርጬም ነበር። ንዳድ እንዲጨርስህ፣ አገዳ እየቆጠርህ እንድትቃዥ፣ የሚያጥብህም እንድታጣ በጣም ተመኝቻለሁ። ከዚያ አሰብሁ፤ ዛሬ ብትሞት ሰብሳቢ ተብለህ ትቀበራለህ፣ ካሰችም ታለቅስልሃለች።

ካሰች! አምስት ቀን ሙሉ ግንባርህን በእርጥብ ጨርቅ የጠረገችልህ፣ ውሃ ያጠጣችህ፣ «የባሌን ደም ያወጣልኝ ልጅ ነው» ብላ መንገዱን በእግሯ መጥታ መድኃኒት የለመነችልህ። ፊደል አታውቅም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እየጻፍሁ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብሁላት። አላቋረጠችኝም። ሮቃው ጋ ስደርስ ብቻ «ድገሚልኝ» አለችኝ፤ ደገምሁላት። ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አየችው። ኪኒኑም ነበር። እኔ እሷ ትምረጥ ብዬ እጄን ሰበሰብሁ። ከዚያ ጠመኔውን በክንዷ ጠርጋ መሬት ጣለችውና መዳፏን ዘረጋች።

«ስድስቱን ስጭኝ» አለች። «አንድም ሳላጎድል በገዛ እጄ አስውጠዋለሁ። በሚያዝያ ሃያ ስድስት በእግሩ ቆሞ እፈልገዋለሁ።»

ይኸው በእጇ ነው። አፍህን ክፈትላት።

በሐሰት የፈረመችልህ፣
ሐሚዳ